የአሥራ አንድ ጫማ ውሃ

ጣልያን ከወጣ በኋላ ባለቤቴን ተከትዬ ከወሎ መቀሌ ስገባ፣ የተከራየነው ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። አደይ እላቸው ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ ነጭ ሽንኩርት የሚተክሉበት ቁራሽ መሬት ነበራቸው። ወንዙ በበጋ ስለሚቀጥን ውሃው በተራ ነው የሚወሰደው። የአደይ ተራ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቀትር ጀምሮ የሰው ጥላ በገዛ እግሩ ተለክቶ አሥራ አንድ ጫማ እስኪሞላ ድረስ ነው። ማሳው ከደረቀ ግን ተራው ለሌላ ይሰጣል።

ጥላውን የሚለካው ከእሳቸው ቀጥሎ ውሃ የሚወስደው ጎረቤት ነበር። ይህ ሰው ራሱን የሚያመው በእኛ ተራ ቀን ብቻ ነው። ነጠላውን ጭንቅላቱ ላይ ከምሮ ጠምጥሞ ይመጣና ለክቶ "ሞላ" ብሎ ቦዩን ይዘጋዋል። ጥምጥሙ ጥላውን አንድ ጫማ ያስረዝመዋል፤ በዚያች አንድ ጫማ የአደይ ሁለት የሽንኩርት መደብ ሳይጠጣ ይቀራል። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

እኔ ቁጡ ነኝ። ጥምጥሙን ልገፍፍለት ብድግ ስል አደይ ክንዴን ያዙኝ።

"አመመኝ ያለን ሰው ራሱን ልንገልጥ ነው እንዴ፣ ጓለይ? ይልቅ ያን የውሃ እንስራ አናቴ ላይ አሸክሚኝ።" ጓለይ ሲሉኝ ልጄ ማለታቸው ነው።

የውሃውን ዳኛ አቦ ማይ ይሏቸዋል። በዚያ ቀን አደይ ለምነው አስመጥተዋቸው ነበር። ሰውዬው እፊታቸው ለካና አሥራ አንድ አለ። አደይ ደግሞ እንስራውን እንደተሸከሙ አጠገቡ ቆሙ። ጥላቸው ያለቀበት ላይ ድንጋይ አኖርኩላቸው። ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው እያገናኙ ቆጠሩ፤ አሥራ ሦስት።

"ተራዬ ካለፈ ቆይቷል ለካ፣ አቦይ። ይቅር በሉኝ" አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

አቦ ማይ እንስራውን አዩ፤ ጥምጥሙን አዩ። ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

"ራሱን የሚያመው ሰው ቤቱ ይረፍ እንጂ ጥላ አይለካ። አንቺ፣ እንስራሽን አውርጂና ድገሚው" አሉ ዳኛው።

አሥር ሆነ። ቦዩ ተከፈተ፤ እልል ማለት ቃጣኝ።

ውሃው አንዱን ደረቅ መደብ አጥግቦ ሁለተኛውን አጋምሶ ሳለ አደይ ጥላቸውን ለኩ። አሥራ አንድ። ዶማቸውን አንስተው ቦዩን በገዛ እጃቸው ዘጉት።

"ግማሽ መደብ እኮ ነው የቀረው" አልኳቸው ተቆጥቼ። "ማን ያየናል?"

"የሚጠብቅ አለ" አሉኝ።

የሚጠብቀው ያው ሰውዬ ነበር። በጣም ተናደድኩባቸው። እንደ አደይ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ አላየሁም።

በሳምንቱ ሰውዬው በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ነጠላው ትከሻው ላይ ነው። ከእሱ ማሳ በላይ ያለ ሌላ ጎረቤት ደግሞ በሰውዬው ተራ ውሃውን አልለቅም ብሎት ኖሯል።

"አደይ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጥላዎን ይዘው ይምጡልኝ።"