ወጨጫን የዳሰሱ እጆች

የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ሳለን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መከራየት ስለከበደን ጥቂት ጓደኛሞች ሰበታ እንኖር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ክፍል ተሰብስበን በየጥናታችን ላይ እንወያያለን። ተናጋሪዎቹም እኛ፣ ሰሚዎቹም እኛው ነበርንና እየሰለቸን መጣ።

"ለምን ከውጭ ሰው አንጋብዝም?" አልኳቸው። ተስማሙና ለሰፈሩ ሰው ነገርን።

ጊዜው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የእርሻ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የበረታበት ነበር። የጅማ መንገድ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። ማን ይመጣል ብለን ስንጠራጠር ሁለት ሰዎች በሩን አንኳኩ። አንዷ ዓይነ ስውራንን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ራሳቸውም ማየት የተሳናቸው እናት ናቸው። ክንዳቸውን ይዘው ያመጧቸው ጎረቤታቸው ደግሞ ወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ።

"አካም ጅርቱ?" ብለው ሽማግሌው በኦሮምኛ ሰላም አሉን። ተነስተን ወንበር ለቀቅንላቸው።

የዚያን ቀን ተራው ቅርጻ ቅርጽ የሚያጠናው ጓደኛችን ነበር። ከጭቃ ስለሠራው የሰው ፊት ሲያብራራ እናትየው አቋረጡት።

"ልንካው ይቻላል?"

"ይንኩት እንጂ፣ እማማ።"

ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን ቀስ ብለው ዳሰሱ። "እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ሁሉ አትንኪ ስባል ነው የኖርኩት" አሉ። ቀጥለውም፣ "የኔ ልጅ፣ ወጨጫን ልትሠራልኝ ትችላለህ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሥሩ ነው የኖርኩት። ሰው ወጨጫ ደመነ፣ ወጨጫ ጠራ ሲል እሰማለሁ። ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም" አሉት።

መልስ ከመስጠቱ በፊት ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። የሱቅ በሮች እየተንጓጉ ሲዘጉ፣ ሰው ሲሮጥ ሰማን። አከራዬ የግቢውን በር ቆለፉ። መውጣት እንደማይቻል ሲገባን ጓደኛችን ጭቃውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ተራራውን እያየ መሥራት ጀመረ። ውጭ ጩኸት ሲሰማ እጁ ይቆማል፤ ጸጥ ሲል ይቀጥላል።

ሲጨርስ እናትየው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ከጫፉ ተነስተው ወደ ታች ወረዱ፤ ወረዱ፤ አላለቀላቸውም።

"ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?" አሉ። "እኔ እኮ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር የሚመስለኝ።"

ሽማግሌው ጠጋ ብለው የእናትየውን ጣት ይዘው ጭቃው ላይ መሩት። "የእርስዎ ቤት እዚህ ጋ ነው። የእኔ ማሳ ደግሞ እዚህ።"

"ቀያሾቹ ችካል ተከሉበት ያሉኝ?"

"አዎ።"

"ፕላኑ ምን ያህሉን ወሰደው?"

ሽማግሌው የእናትየውን መዳፍ ዘርግተው በተራራው እግር ላይ ጫኑት። "ይሄን ሁሉ" አሉ። እናትየው እጃቸውን አላነሱም። ጭቃው ላይ ያረፈው ያ መዳፍ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ስለዚያ መሬት ብዙ ወሬ ሰምቼ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን ተሰምቶኝ አያውቅም።

ወደ አመሻሹ መንገዱ ሲረጋጋ ሁላችንም አጅበን ቤታቸው አደረስናቸው። ከወራት በኋላ ዕቅዱ ቀረ ተባለ፤ ሽማግሌውም ያንን ማሳ እንደገና አረሱት። ጓደኛችን ጥናቱን ቀይሮ በእጅ የሚታዩ ተራሮችን መሥራት ያዘ። እናትየውም የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ክፍሌ ጠበበች።

አንድ ቅዳሜ ከእነሱ መካከል አንዲት ወጣት ተራራውን ዳስሳ ጫፉ ላይ ደረሰች። እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ "ከዚህ በላይስ ምን አለ?" አለችኝ።

"ሰማይ ነው" አልኳት።

እጇን አየር ላይ እንደዘረጋች ለረጅም ጊዜ ቆየች።