ወደ ዋጫ የሄድንበት ቅዳሜ

ትናንት ከቦንጋ ገበያ ስመለስ፣ ተማሪዎች የጫነ አውቶቡስ በዘፈንና በጭብጨባ ታጅቦ አለፈኝ። ለግጥሚያ መሄዳቸው ነው። ልቤ አብሯቸው ዘለለ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት መሆኔን ረስቼ መንገድ ዳር ቆሜ አጨበጨብኩላቸው!

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ተከፍቶም ዝናቡ አላባራ ባለበት ዓመት፣ ምንም ነገር አላስደስት አለኝ። ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ነፍሴ ነበር፤ እሱም አፈር አፈር አለኝ። መጀመሪያ ከመረብ ኳስ ቡድናችን ቀረሁ፣ ቀጥሎ ከትምህርት ቤት። አባቴ ስንፍና ነው አለ፤ እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ አለቀሰች። እኔ ራሴ ምን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

አሠልጣኛችን ቲቸር አበበች አንድ ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው ቤታችን መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አይ።»

«ባልነቃ ይሻለኝ ነበር ብለሽስ ታስቢያለሽ?»

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። «አዎ» አልኩ። አልደነገጡም፣ አልመከሩኝም። እጄን እንደያዙ እናቴን ጠሩ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ታማለች እንጂ አልሰነፈችም። ብቻዋን አይተዋት። ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።»

ሄድን። ነርሷ በየሳምንቱ ታነጋግረኝ ጀመር። እናቴ አልጋዋን ትታ ከእኔ ጋር ተኛች። አባቴ እንኳ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬስ?» ይለኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቃል አልነበረውም፣ እኔም ከዚያ በላይ አልፈለግኩም። ቀስ በቀስ ቀኑ ቀለለኝ፤ ወደ ትምህርት ቤትም ተመለስኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ቲቸር ዋጫ ከተማ ላይ ለሚደረገው ግጥሚያ ስሜን ጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት በአይሱዙ ተጭነን ወጣን! ጫካው ታጥቦ ያበራል፤ መንገድ ላይ ሺሺንዳ ስንደርስ ሙዝ ገዝተን እየተሻማን በላን። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ አንድ ነጥብ ሲቀር ቲቸር አስገቡኝ። «ኳሱ ቢወጣብኝስ?» አልኳቸው።

«ቢወጣም ይውጣ፣ አንቺ ብቻ ምቺው!» አሉኝ።

መታሁት። ኳሱ መረቡን ታክኮ አለፈና መሬት ወደቀ! ሜዳው በአንድ እግሩ ቆመ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ማን ነው ብዬ ሳዳምጥ፣ ለካ እኔው ነኝ!

ያ ነጥብ አላዳነኝም፤ ከዚያ በኋላም ከባድ ቀናት መጥተዋል፣ ነርሷ ጋም ብዙ ተመላልሻለሁ። ግን መደሰት እንደምችል አወቅኩ። ቲቸር ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ሦስት ልጆች አሳደግኩ። ሲያኮርፉና ዝም ሲሉኝ፣ ከመቆጣቴ በፊት አጠገባቸው ለመቀመጥ እሞክራለሁ። አንዳንዴ ያባርሩኛል። ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።