የናቲ የቤዝ ክሮች

ናቲ፣ ዛሬ ቤዝህን አነሳሁት። እንዳትቆጣኝ።

ለማታውቁት፣ ናቲ ታላቅ ወንድሜ ነው። እዚህ ጉለሌ ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። በድንገት ታሞ ባለፈው ሳምንት አረፈ።

በመጪው ቅዳሜ የሽሮ ሜዳ ሰርግ ላይ ሊጫወት ቃል ገብቶ ነበር። እኔ ሐዘን ላይ ሙዚቃ የሚፈቀድልኝ አልመሰለኝም። እማዬ ግን "የወንድምህን ቃል አንተ ፈጽምለት" አለችኝ።

ትናንት ከናቲ ጋር የሚጫወተው ድራመር አቡሽ መጥቶ ክሮቹን ነካ ነካ አደረገ። "አንተ ጩጬ፣ ይሄ ቤዝ ነው የልብስ ማስጫ ገመድ? ቀቅላቸው እንጂ!"

እውነቱን ነው። አዲስ ክር መግዛት ለከበዳችሁ ጀማሪዎች፦ አሮጌውን ፈትታችሁ ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ቀቅሉት። ላቡና እድፉ ሲለቅ ድምፁ ይጠራል። በደንብ አድርቁት፤ አለዚያ ይዝጋል።

ሰርግ ላይ ደግሞ ትርፍ ኬብል ያዙ፤ ምቱን እንድትከተሉም ከድራመሩ አጠገብ ቁሙ። ሙሽራውን ማየት ካማራችሁ ከዘፈኑ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ናቲ ነው። ክሩ ላይ ያለው ላብ የራሱ ሲሆን ምን እንደማደርግ ግን አልነገረኝም።

የሞተባችሁን ሰው የሙዚቃ መሣሪያ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ እናንተ እንዴት አደረጋችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ።

እኔ ናቲ ካረፈ ወዲህ ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ዘመዶች ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ እማዬም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ክሮቹን ፈትቼ ቀቀልኳቸው። ውሃው ደፈረሰ።

ድስቱን ይዤ ደጅ ወጣሁ፤ መድፋት ግን አቃተኝ። እማዬ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ታቅፌው ተቀምጬ አገኘችኝ።