ራሔል በልጅነት ስሜ ስትጠራኝ

ዛሬ ጠዋት ልደታ አስፋልት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል «ኩኩሻ! ነይ ተቀበዪኝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም።

የጮኸችው ራሔል ናት፤ አብነት አንድ ግቢ ውስጥ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ። ሰፈራችን ሲፈርስ እነሱ አያት ሰፈር ሄዱ፣ እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባን።

የሰፈሩ ወጣቶች የሁለት ሰው ቅብብሎሽ አዘጋጅተው ነበር፤ አንዱ ብስክሌት ይነዳል፣ ሌላው ከእሱ ሪባን ተቀብሎ ይሮጣል። ደውዬ «ነይ እንወዳደር» ስላት «አብደሻል? በዚህ ዕድሜያችን?» አለችኝ። ግን መጣች።

በብስክሌት እየበረረች ደርሳ ሪባኑን ስትዘረጋልኝ፣ እኔ መቀበሉን ትቼ ቆሜ ማልቀስ!

«ምን ሆነሻል? ሩጪ እንጂ፣ ቀደሙን እኮ!» ብላ ሪባኑን እጄ ላይ ጠቅልላ ገፋችኝ።

ድሮ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እስከ ግቢያችን በር እንደምንሽቀዳደመው ሮጥኩ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። መጨረሻ የወጡት ባልና ሚስት መንገድ ላይ ተጣልተው ነው።

ስጨርስ ራሔል አቀፈችኝና «እትዬ ሲጠሩሽ እኮ ድምፃቸው እስከ ታች ሰፈር ይሰማ ነበር» አለችኝ። የእናቴን ድምፅ የሚያስታውስ ሌላ ሰው መኖሩን ረስቼው ነበር።

እናንተንስ እስካሁን በልጅነት ስማችሁ የሚጠራችሁ ማን ነው? ስሙንም ጻፉልኝ፤ አልስቅም።