ካሽ ባክና የፋሲካው ቅቤ

ባለቤቴ ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ከፊቴ ቆመችና «እኛ እኮ ሞኞች ነን» አለችኝ።

እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ሻኮፒ ከተማ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት ስነዳ ውዬ ወገቤ ተይዟል። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የሥራ ሰዓታችን ስለማይገጥም፣ አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው ጋራዥ በር ላይ፣ አንዳችን ስንገባ አንዳችን ስንወጣ ነው። እንዲህ ፊት ለፊት ቆማ ስታናግረኝ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

«ምን ሆነን ነው ሞኝ የሆንነው?» አልኳት።

አብራት የምትሠራ አንዲት ነርስ አስቤዛዋን በክሬዲት ካርድ እየገዛች፣ ከባንኩ በተመለሰላት ገንዘብ አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛች አሉ። «ገንዘብ ስላወጣች ገንዘብ ይሰጧታል! እኛ በዴቢት ካርድ ስንት ዓመት ስንከፍል ማንም ዞር ብሎ አመሰግናለሁ አላለንም።»

እውነቱን ለመናገር ክሬዲት ካርድ የሚባል ነገር ያስፈራኛል። አሜሪካ እንደገባሁ ክፍል ተጋርቼው የነበረ ልጅ በክሬዲት ካርድ ትልቅ ቴሌቪዥንና የቆዳ ጃኬት ገዝቶ፣ መክፈል አቅቶት ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአልጋው ላይ ተስፈንጥሮ «የለም በላቸው» ይለኛል። እንግሊዝኛዬ ገና ዳዴ የሚል ስለነበር፣ አንድ ጊዜ ስልኩን አንስቼ «ሂ ኢዝ ኖት ሂር፣ ሂ ሴድ» ብዬ መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ክሬዲት ካርድ ለእኔ ሰውን ከገዛ ስልኩ የሚያስደብቅ ነገር ነው።

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስለምታውቀው ገና ሳልጀምረው አቋረጠችኝ። «እኛ በየወሩ ሙሉውን እንከፍላለን። ወለድ የሚባል ነገር አይነካንም። ቴሌቪዥን አንገዛም። ያንኑ የምንገዛውን ወተት፣ ያንኑ ቤንዚን ነው የምንገዛው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችንም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ሃይስኩል ደርሳለች። አማርኛ አንድም አያመልጣትም፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ላፕቶፑን ከፍታ ስታነብልን ካርዶቹ ሦስት ዓይነት መሆናቸው ገባን። አንዱ ለምንም ነገር ብታወጣ እኩል ሁለት ፐርሰንት ይመልሳል። ሁለተኛው በየሦስት ወሩ ፀባዩን ይቀይራል፤ አንዴ ለቤንዚን፣ አንዴ ለሬስቶራንት ብዙ ይመልስና፣ በየጊዜው አፑ ውስጥ ገብተህ «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ብለህ ካልነካህለት ግን ምንም አይሰጥህም። ሦስተኛው የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ላይ ብቻ ጠቀም አድርጎ ይመልሳል፤ እሱ ደግሞ የዓመት ክፍያ አለው።

እኔ ሁለተኛውን ወደድኩት። የሚለዋወጥ ነገር ዕድል ያለበት ይመስለኛል።

«ዳዲ፣ ዩ ፎርጌት ዩር ላንች» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ። ምሳዬን ቤት ረስቼ የሄድኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ባለቤቴ ሦስተኛው ላይ ተጣበቀች። «ደመወዛችን የሚያልቀው ሆዳችን ውስጥ ነው። እዚያው ላይ የሚመልስልን ነው የሚያዋጣን» አለች። ልጃችን የመጀመሪያው ይሻላል፣ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም ብላ ልታስረዳን ሞከረች። ማንም አልሰማትም። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ፣ እናቷ ያለችውን ሞላችና ላከችው።

ካርዱ በዐቢይ ጾም መካከል በፖስታ መጣ። ሲመጣ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንድ ሎሚ ለመግዛት ካርድ የማወጣ ሰው ሆንኩ። ባለቤቴ በጥሬ ገንዘብ ሽንኩርት ገዝታ ስትመጣ «የሚመለስልንን አስቀረሽው» ብዬ ተቆጣኋት። እሷም ያገባችው ሰውዬ የት እንደሄደ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ ሹር ለፋሲካ የሚያስፈልገንን እንድገዛ ተላክሁ። ቅቤ፣ በርበሬ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ሥጋ። ሴንት ፖል ያለው የሐበሻ ሱቅ ጢም ብሏል። ውጭ በሚያዝያ በረዶ ይጥላል፤ ውስጥ ሰው ጋሪ ለጋሪ ይጋጫል። ከፊቴ የቆሙት እናት ከእኔ የበለጠ ሸምተዋል። ተራቸው ደርሶ ከቦርሳቸው በጎማ የታሰረ ጥሬ ገንዘብ ሲያወጡ ሳይ ልቤ አልቻለም።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ካሹን ለእኔ ይስጡኝና እኔ በካርዴ ልክፈልልዎ።»

ገንዘቡን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ለምን ልጄ? የእኔ ብር ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እንዲህ ሲሆን እኔ ካሽ ባክ አገኛለሁ።»

«ምን ታገኛለህ?»

«የሚመለስ ገንዘብ።»

«ከእኔ ላይ?»

«ኧረ ከባንኩ ላይ ነው እማማ!»

«ባንኩ እኔን የት ያውቀኛል?»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። እማማ ወደ ባለሱቁ ዞረው «ይታመናል?» ብለው ጠየቁ። ባለሱቁ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሸበቶ ሰው ናቸው። ሥጋውን እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ «ሚስቱ ትታመናለች» አሉ። በእሷ ስም ነገሩ አለቀ፤ የሁለታችን ሒሳብ አንድ ላይ ተደመረ። እማማ ግን ማሽኑ ጢጥ ብሎ ክፍያው ማለፉን እስኪያዩ ድረስ ገንዘቡን አለቀቁትም። ተቀብዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ያን ዕለት ከዚያ ሱቅ የወጣሁት ብዙ ያተረፍኩ ነጋዴ መስዬ ነው።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ስልኳ ከፊቷ ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ፀጉር ቤት ምን ትሠራለህ?»

«የቱ ፀጉር ቤት?»

ስልኩን ገፋ አደረገችልኝ። የካርዱ አፕ ያወጣነውን በየዓይነቱ ለይቶ በትንንሽ ሥዕል ያስቀምጣል። ቤንዚን የፓምፕ ሥዕል አለው፤ ሬስቶራንት የሹካ። በቅዳሜ ሹር ቀን ግን የመቀስ ሥዕል ተቀምጧል። ጎኑ ላይ የአንድ ሹሩባ ቤት ስም አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ደግሞ የወሩ ትልቁ ነው።

«ቅዳሜ ሹር፣ እኔ እዚህ ቆሜ ዶሮ ስበልት፣ አንተ የማንን ፀጉር ታሠራለህ?»

ኮፍያዬን አወለቅሁ። አናቴ ላይ ፀጉር ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ይህ በቂ መልስ ይመስለኝ ነበር።

«የአንተን ነው አላልኩም» አለች። «የማንን ነው ያልኩት።»

ከኮሪደሩ የልጄ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ የመኝታ ቤቷ በር ተዘጋ።

«ቅቤ ነው የገዛሁት!» አልኩ። «ቅቤና ሥጋ! ራስሽ ልከሽኝ!»

«ይህ ሁሉ ቅቤ? እኔ የላክሁህ የዚህን ግማሽ አይሆንም።»

ያኔ ነው እማማ ትዝ ያሉኝ። ማስረጃ አለኝ ብዬ ሮጬ ጃኬቴን አመጣሁና ከኪሱ ያን በጎማ የታሰረ ገንዘብ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ከፋሲካ ጀምሮ እዚያው ረስቼዋለሁ። ባለቤቴ ገንዘቡን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«ጭራሽ ደግሞ ካሽ ትደብቃለህ» አለች።

የእማማን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ስነግራት ለራሴም ውሸት ይመስለኝ ጀመር። ለማላውቃቸው አሮጊት አስቤዛ ከፈልኩ፤ ገንዘባቸውን ተቀበልኩ፤ ስማቸውን አላውቅም፤ ባንኩ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ሹሩባ አደረገው።

በነጋታው ሁለታችንም ዕረፍት ነበርን። «ተነሣ፣ ሱቁ ድረስ እንሂድ» አለች። መንገዱን ሙሉ ስልኳ ላይ ያንኑ የመቀስ ሥዕል ታያለች። እኔ እየነዳሁ፣ ያላደረግሁት ነገር ቢገኝብኝ ምን እላለሁ እያልኩ አስባለሁ።

ሱቁ ጭር ብሏል። ጋሼ ከባንኮኒው ጀርባ ሻይ ይጠጣሉ። ባለቤቴ በደንብ ሰላም ካለቻቸው በኋላ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ቤት ምንድን ነው?» አለቻቸው።

የጤፉን ጆንያ አዩ፤ የሽሮውን መደርደሪያ አዩ። «ሱቅ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

«ባንኩ ፀጉር ቤት ነው ይላል።»

ጋሼ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «ወይ ጉድ! አንቺም አየሽው?»

ቤቱ ቀድሞ የሚስታቸው ሹሩባ ቤት ኖሯል። እሷ ጣቷን ሲያማት ሥራውን ተወችና፣ ጋሼ ቦታውን ወደ ሱቅ ለወጡት። የካርድ ማሽኑ ግን በሚስትየው ሥራ ስም እንደተመዘገበ ቀረ። «ማሽኑ ይሠራል፤ ገንዘቡም ይገባል። ስሙን ማን ያያል ብዬ ነው» አሉ።

«ሚስቶች ያያሉ» አለች ባለቤቴ።

«እሱማ አየሁት! ባለፈው አንድ ቄስ መጥተው አልቅሰውብኛል። የበዓሉን ድግስ አስቤዛ በቤተ ክርስቲያኑ ካርድ ከዚህ ገዝተው፣ ገንዘብ ያዡ በስብሰባ መካከል ‹አባ፣ ይህን ያህል ለሹሩባ?› አላቸው።»

ባለቤቴ ከንፈሯን ነክሳ ልትችለው ሞከረች። አልቻለችም። የምስሩን መደርደሪያ ተደግፋ ሳቀች፤ ጋሼም ሳቁ። እኔ ለመሳቅ ፈቃድ አግኝቼ እንደሆነ ስላላወቅሁ ትንሽ ጠበቅሁ። ጋሼ ስሙን አስቀይራለሁ ብለው ማሉልን፤ ለካሳ አንድ ትልቅ ላስቲክ በሶ ሰጡን።

የተቀየመችው በእኔ መሆኑ ቀርቶ በባንኩ ሆነ። መኪና ውስጥ እንደገባን ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ስልኩን ያነሳችው ወጣት ትሕትናዋ ለጉድ ነው። እኛ የምናየው ነጋዴው የተመዘገበበትን የሥራ ዓይነት ብቻ ነው፣ በፀጉር ቤት ስም ለተከፈለ ገንዘብ የአስቤዛውን ፐርሰንት መስጠት አንችልም አለች።

«የገዛነው ምግብ ነው» አለች ባለቤቴ በእንግሊዝኛ።

«ለምሳሌ ምን ገዛችሁ?»

እኔ ከጎን ቸኩዬ «በተር!» አልኩ።

«ኦ» አለች ልጅቷ፣ በጣም ደስ ብሏት፣ «ሄር በተር?»

ባለቤቴ ድምፃችን እንዳይሰማ ስልኩን ነካችና ወደ እኔ ዞረች። «ከምትጠራው ሁሉ ቅቤ ትጠራለህ? ቅቤማ ፀጉርም ላይ ይደረጋል! አሁን ምን ብለን ነው የምንከራከረው?»

ክርክሩን ተውነው። ልጅቷ ግን ደግ ነበረች፤ ከፈለጋችሁ የዓመት ክፍያ ወደሌለው፣ ለሁሉም ነገር እኩል ወደሚመልሰው ካርድ ልቀይርላችሁ እችላለሁ አለችን። ሱቁ ሱቅ ይሁን ፀጉር ቤት፣ ለዚያኛው ካርድ ደንታው አይደለም። ቀየርን። ማታ ለልጃችን ስንነግራት «አላልኳችሁም?» አላለችም። ፈገግ ብላ እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት፤ ይሄ የባሰ ነበር።

በጋው አጋማሽ ላይ የተጠራቀመው ገንዘብ ተመለሰልን። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይገዛም፤ ምናልባት ሳሙናውን። ባለቤቴ «ለቤት ወጪ አይገባም፣ እንብላው» ብላ ወሰነች። ሦስታችንም ዕረፍት የሆንንበትን ቀን ፈልገን ሐይቅ ዳር ያለ ሬስቶራንት ሄድን፤ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ጀልባዎች ሲያልፉ እያየን፣ ማንም ሰዓት ሳያይ ተቀመጥን። ሒሳቡ ሲመጣ ጥሬ ገንዘብ ላወጣ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«በካርዱ ክፈል።»

«የምንበላው የተመለሰልንን ገንዘብ አይደል እንዴ?»

«ነው። ግን በካርዱ ስትከፍል በዚህም ላይ ይመለስልናል።»

«ካሽ ባኩም ካሽ ባክ አለው?»

«አለው።»

«እሱ ሲመለስ ደግሞ እሱን ብንበላው?»

ልጄ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ ልታስረዳኝ ጀመረች። እኔ ግን መኪና ውስጥም አልተውኩትም። እንዲህ እየበላን፣ የሚመለሰውም እያነሰ ከሄደ መጨረሻው የት ነው? ድንች ጥብስ ላይ? ድንች ጥብሱ አንድ ፍሬ ላይ? ባለቤቴ እየነዳች ነበር። ቀይ መብራት ላይ ስንደርስ መሪውን ይዛ በሳቅ ፈረሰች፤ ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀበለቻት፤ ሁለቱ ሲስቁ እኔም ያዘኝ። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ጥሩምባ አይነፋም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ብዙ ስለቆየን ግን፣ ከኋላችን ያለው ሰውዬ ይቅርታ እንደመጠየቅ አድርጎ አንዴ ብቻ በቀስታ ጢጥ አደረገ።