ግድግዳው ላይ ልጥፍ የምትለው ሴት

ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ውስጥ ጀርባችን የጎበጠ ሁሉ ተሰልፈን ግድግዳ እንደገፋለን። ተረከዝ፣ ትከሻና የጭንቅላት የኋላ ክፍል ግድግዳውን መንካት አለበት። የእኔ ጭንቅላት እንደ ኤሊ ወደ ፊት ሰግጎ ይቀራል። አጠገቤ የምትቆመው አሮጊት ግን ልጥፍ ትላለች። የጀመርነው እኮ አብረን ነው! በአፌ አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ናት።

ልብስ ሰፊ መሆኗን ያወቅሁት ከቀሚሷ ነው። ድሮ ለጉብጠቷ ብላ የፊቱን አሳጥራ፣ የኋላውን አስረዝማ ሰፍታዋለች። አሁን ቀጥ ስትል ኋላው መሬት ይጠርጋል። በየሳምንቱ ጠርዙን ተርትራ፣ ትንሽ አሳጥራ ትመጣለች። ያንን አዲስ ስፌት ባየሁ ቁጥር እርር ድብን እላለሁ።

ባለሙያዋ እሷን «ጎበዝ!» ትላታለች። እኔን «አይዞሽ» ትለኛለች።

ዛሬ አላስቻለኝም። «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ሌላ የሚሠሩት ነገር አለ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም ልጄ፣ ያው እዚህ ያሳዩንን ነው» ብላ ሳቀች። «የእኔ ጉብጠት ከበሽታ አልመጣም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ያጥር ነበር። ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ጎንበስ ስል ኖሬ፣ በዚያው ለመድኩት።»

ይህን ስትል፣ ጎኗ የቆመ ሰው ያለ ይመስል ለአፍታ ዝቅ አለች። ከዚያ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለች።

እኔን ያጎበጠኝ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ጀርባዋን ስመኝ ከርሜ፣ ዛሬ ደግሞ በጉብጠቷ ቀናሁ።