ውሃ ቀባሪዋ

በጋ ሲገባ ወንዙ ይደርቃል። በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ እንደ እብድ ጋልቦ በረሃው ውስጥ ይጠፋል፤ ሰፈሩ ይጠማል። ኩሬ ቢቆፈር ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ የተረፈውን ከብት ገብቶ ያቦካዋል፤ ያንን የጠጣ ልጅ ሆዱን ይዞ ያድራል። አንዲት የሰፈሩ ግንበኛ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ይህ ነበር፤ ጎርፉን ፀሐይም ከብትም የማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ።

ቦታውን ያገኘችው አሸዋ ውስጥ ነው! እስቲ በሁለት ኩባያ ሞክሩት። አንደኛውን በአሸዋ ሙሉትና ውሃ ጨምሩበት፤ የኩባያውን ሲሶ ያህል ውሃ ይውጣል። ሌላኛው ውስጥ ውሃ ብቻ አድርጉ። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ተዉአቸው። ውሃ ብቻ ያለበት ኩባያ ባዶውን ሲቀር የአሸዋው ላዩ ብቻ ይደርቃል፤ ሥሩ እንደራሰ ይቆያል።

ስለዚህ የወንዙን ወለል የሚያቋርጥ ግንብ አለቱ ላይ አቆመች፤ ግን በአንድ ጊዜ አልጨረሰችውም። ግንቡ ከጅምሩ ከረዘመ ጎርፉ ይረጋና ጭቃው ሁሉ እዚያው ይዘቅጣል። ዝቅ ካለ ግን ቀላሉ ደለል በላዩ ያልፋል፤ ከባዱ አሸዋ ውሃውን ይዞ ከግንቡ ኋላ ይቀራል። በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረገችው። ከሥር የተበሳሳ ቱቦ ቀብራ ከግንቡ ማዶ ቧንቧ ገጠመችለት። አሸዋው ራሱ ስለሚያጣራው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው።

ሰፈሩ ግን "ውሃ ቀባሪዋ" የሚል ስም አወጣላት። ከቧንቧው እየቀዱ ይስቁባታል።

"አሸዋው እኮ ቦታ ይዞበት ነው! ቢጠረግ ስንት ውሃ ይይዝ ነበር!"

ታላቅ ወንድሟ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። "እኔ በነፃ እጠርግላችኋለሁ" አላቸው። አጨበጨቡለት። ጭቃ የሌለው ሻካራ አሸዋ ደግሞ ሕንፃ ሠሪዎች የሚሻሙበት ነው፤ እህቱ ሳታውቀው ለእሱ ስትለቅምለት ኖራለች ማለት ነው።

ወንዙ ውስጥ ወርዳ መኪናው ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ አካፋህን አስቀምጥ።"

"ምን ሆነሻል አንቺ? አሸዋ እኮ ነው! ወርቅ አስመሰልሽው።"

"ውሃ ነው የምትጭነው።"

"መኪናዬ ቦቴ ሆነልኛ!"

"ዞር ብለህ ከኋላ እየው።"

ከመኪናው ኋላ ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር፤ መንገዱ ላይም ከቀደመው ጭነት የተንጠባጠበው እስከ ሰፈሩ ድረስ እርጥብ መስመር ሠርቷል። ወንድሟ አየው፤ ከዚያ ምራቁን እንትፍ አለ።

"አንድ እናት ባትወልደን ኖሮ ይሄን አካፋ ራስሽ ላይ ነበር የምሰብረው።"

"ስበረዋ! ያኔ በምን ልትጭን ነው?"

ጠረገው። ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ፤ ከብት ገባበት። ቧንቧው መጀመሪያ አረንጓዴ ውሃ አወጣ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ አየር ብቻ። ባዶ ጀሪካን የያዙት ጎረቤቶች በሯን ደበደቡ።

"ቱቦሽ ነው የተበላሸው! ልጆቻችንን ልትፈጂ ነው?"

"አሸዋውን መልሱልኝ" አለቻቸው። በሩን ዘጋች።

የዘንድሮው ጎርፍ ጉድጓዱን መልሶ በአሸዋ ሞልቶታል። ከቧንቧው ውሃ እንደገና መውረድ ጀምሯል፤ ሰዉም እየቀዳ ይሄዳል፣ ሰላም አይላትም። ወንድሟ ደግሞ አካፋውን ይዞ ተመልሷል።

አሁን እየሞከረች ያለችው ነገር በጣም ደስ ይላል! የሽቦ መረብ አሸዋው ላይ እየዘረጋች ትልልቅ ድንጋይ ትሞላበታለች፤ ከዚያ ከላይ ሌላ መረብ ደርባ ጠርዝ ከጠርዝ ትሰፋዋለች። ጎርፉ በድንጋዮቹ መሀል ሰርጎ ይወርዳል፤ አካፋ ግን አይገባም። ድንጋዩ ጥላም ይሆንለታል።

ግማሹ ይቀራታል። ገልባጩ ወንዙ ዳር ሞተሩ እንደተነሳ፣ ገና ባልተሸፈነው በኩል ቆሟል። እሷ ሽቦውን በፒንሳ እየጠመዘዘች ወደዚያው እየተጠጋች ነው።